ያለ ምስክር የከፈትኩት በር

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ እናትሽ «ምንም አይደለም» እያልሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ይለማመጠኛል፤ አልሰማውም።

ጽሕፈቱ እንግዳ ቢሆንብሽ አትደንግጪ። የምትጽፍልኝ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ናት፤ ሱቋ ከእኔ ሱቅ ሦስተኛው በር ላይ ነው። እንዳታሳምርልኝ አስጠንቅቄያታለሁ። የመነጽሬን ነገር ታውቂያለሽ፤ ትምህርት ቤትሽ በተጠራሁ ቁጥር የምረሳውን።

ሳልዞር ልንገርሽ። የእናትሽ ድምፅ ጠፋ።

ታማ ሳለች የላክሻቸውን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ጮክ ብላ አንብባ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርጻቸው ነበር። ሃያ ሦስቱንም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ጠዋት ሱቅ ከመሄዴ በፊት አንዱን እከፍታለሁ። አንቺ በቀለድሽበት ትስቃለች፤ መሀል ላይ «ቆይ፣ ውሃ ልጎንጭ» ትላለች። እሷን እየሰማሁ ጫማዬን አስራለሁ።

ባለፈው ወር ቀይ ነገር መጥቶ ስክሪኑን ሞላው። ጽሑፉን ተዪው፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር ነበረ። ቁጥር ደግሞ ማን ያህለኛል? አርባ ዓመት ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ደወልኩ። ጨዋ ሰው አነሳ። «አባባ፣ ኮምፒውተርዎ ታሟል፤ እዚሁ ሆኜ አድንልዎታለሁ» አለኝ። ይንኩ ያለኝን ነካሁ። «የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለ፤ አነበብኩለት። እንዲያውም በኩራት ነው ያነበብኩለት! ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ስትል እጄን አጣጥፌ አየሁ። በማግስቱ ሁሉም ተቆልፏል። ሃያ ሦስቱም አሉ፣ አንዱም አይከፈትም።

እኔ እኮ ጎረቤት መጥቶ «አዎ፣ ቤቱ የሱ ነው» ካላለ የሰው በር ከፍቼ አላውቅም። ስንቱን ትልቅ ሰው ዝናብ ላይ አቁሜ ምስክር አስጠርቻለሁ! የራሴን በር ግን መልኩን ላላየሁት ከፈትኩለት።

ይህች ሴት ኮምፒውተሩን ፈታችውና «አባባ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ትራስ?» አለችኝ፤ ከማራገቢያው እፍኝ አቧራ አወጣች። «‹አድሱኝ› እያለ ሦስት ዓመት ሲለምንዎት ምን አሉት?» ብላ ጠየቀች። በግራ ያለውን ስነካው ይጠፋል፤ ይኸው ነው መልሴ። ምን እንደሚል ማንንም አልጠየቅኩም። ኩራት ነው ልጄ፣ ሌላ ምክንያት አልፈልግለት። ቀጥላም «ቅጂስ የት አለ?» አለች። ምንም ቅጂ የለኝም። ቁልፍ ለሚያስቀርጽ ሁሉ «ሁለት አድርገው፣ አንዱን እህትህ ጋ ተው» የምል ሰው!

ያኔ ፖስታሽ ትዝ አለኝ፤ እናትሽ ካረፈች በኋላ የመጣው። በስልክ «አነበብከው ወይ?» ስትዪኝ «አነበብኩት» ብዬሽ ነበር። እንደታሸገ ኮምፒውተሩ የተቀመጠበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ይህች ሴት ስትከፍተው ፍላሽ ወደቀ። ደብዳቤሽንም አነበበችልኝ፦ «አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ ሳይውል ሳያድር እዚህ ላይ ገልብጠህ ለብቻው አስቀምጠው።» ስድስት ወር ሙሉ ከኮምፒውተሩ ሥር፣ ልጄ። አንድ ክንድ አይርቅም።

ሴትዮዋ የምትችለውን ሞክራ «አባባ፣ አልዋሽዎትም፣ አይመለስም» አለችኝ። ወደድኳት። የሱቋን መቆለፊያ ቀየርኩላት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በዪኝ፤ ይገባኛል። አሁን ቀይ ነገር ሲመጣ ስልክ አልነካም፤ ተሸክሜው ሦስተኛው በር እሄዳለሁ። አድሱኝ ሲል አሳድሰዋለሁ። አንቺም ተምሬያለሁ ብለሽ አትዘናጊ፤ ሌባ ዲግሪ አይጠይቅም። ያለሽን ሁሉ ዛሬውኑ ሁለት ቦታ አድርጊው። እናትሽ ከቀረጸችው አንዱን ልካልሽ ከሆነ፣ ስትስል ብቻ እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ ለራስሽ ሁለት አድርጊና ሦስተኛውን ለእኔ ላኪ።

ከእንግዲህ ወረቀት አትላኪልኝ። በአፍሽ እየተናገርሽ ቅረጪው። መጀመሪያም እንዲያ ብልሽ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ፈጣሪ ከክፉ ሰው፣ ከእኔ ዓይነቱም ኩራት ይጠብቅሽ። ከእናትሽ ዕድሜ የጎደለው በአንቺ ይሙላ።

የድሮ ደብዳቤዎቼን ካስቀመጥሽ አውጪና ጽሕፈታቸውን ተመልከቺ፤ የእናትሽን እጅ ታውቂዋለሽ። ከዚህ በታች ያለው ሰማያዊ ነገር ደግሞ የፈሰሰ ቀለም አይደለም። እሱ የእኔ አውራ ጣት ነው።

አባትሽ