ያልሠራሁት ሦስት ዓመት

ጥቅምት 5
ዛሬም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ዋልኩ። አራት ኪሎ ያለ መነጽር ቤት ሌንስ ቆርጦ ፍሬም ላይ የሚገጥም ባለሙያ ይፈልጋል። ሦስት ዓመት ልምድ። ጋሽ ፀሐዬ መነጽር ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ... ግን ደንበኛ መቀበል። ሲቆርጡ ሳይ ነው የኖርኩት። ማየት ልምድ አይባልም?

ጥቅምት 7
ጋሽ ፀሐዬ ቤት ሄድኩ። ሱቃቸው ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፤ ማኅተሙ ግን አለ። የጻፍኩትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሁለቴ አነበቡት።
«ናዝራዊት፣ አንቺ እኮ ሌንስ ቆርጠሽ አታውቂም።»
«እለምዳለሁ፣ ጋሽዬ። ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቼ...»
ማኅተሙን መቱልኝ። ሲሰጡኝ ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

ጥቅምት 14
ተቀጠርኩ! ባለቤቱ አቶ የሲን ደብዳቤውን አይተው «ፀሐዬ ጋ ሦስት ዓመት ከቆየሽ ፈተና ምን ያደርጋል?» አሉ።
ምነው በፈተኑኝ።

ኅዳር 2
ሁለት ሌንስ ሰበርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኳቸው።

ኅዳር 19
እትዬ አዳነች መጡ። ውቤ በረሃ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት መነጽራቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ።
«መነጽሩስ አዲስ ነው። ዓይኔ ነው የከዳኝ፣ ልጄ። መርፌው ሁለት ሆኖ ይታየኛል። እስቲ ለማንኛውም እይልኝ።»
ለካሁት። የቀኙን ሌንስ በግራ፣ የግራውን በቀኝ... እኔው!
አቶ የሲን ባንኮኒው ጋ ቆመዋል። «ምን ሆኗል?» አሉ።
«ምንም» አልኩ።
እንዴት ከአፌ ወጣ? እትዬ አዳነች አመስግነውኝ ሄዱ። አመስግነውኝ!

ኅዳር 20
ማዘዣቸው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ኅዳር 21
ዝግ።

ኅዳር 24
ለአቶ የሲን ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።
«አልችልም ብትዪኝ አስተምርሽ ነበር እኮ» አሉ።
ሌላ መነጽር በእጃቸው ሠሩ። «አድርሺላቸው። ከዚያ ወዲያ እዚህ አትምጪ።»

ኅዳር 25
ሰው እየጠየቅኩ ቤታቸውን አገኘሁት። እትዬ አዳነች ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን አጣጥፈው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቶሎ የገባቸው አልመሰለኝም። መነጽሩን አደረግኩላቸው። መጀመሪያ ጣቶቻቸውን አዩ። ቀጥሎ እኔን።
«ታዲያ ዓይኔ ደህና ነው?»
«ደህና ነው፣ እትዬ።»
ዞረው ወደ ቤት ውስጥ አዩ። መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነው።
«የስፌት መኪናዬን አርብ ለት ሸጥኩት እኮ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት የሰፋሁበትን።»
አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሂጂም አላሉኝ፣ ቆዪም አላሉኝ።