ከአባትሽ ጎጆ የጎደሉት አራት እንጨቶች

ለምወድሽና ለማከብርሽ አበልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሀቫናስ እንዴት ይዞሻል? ያ ሁሉ ደረጃ የጉልበትሽን ሕመም አላባሰብሽም? ባለቤቴ ኒዲያ «አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ የናፈቅኳት በልልኝ» ብላሻለች። የክርስትና ልጅሽ ማይሌን ሁለት የፊት ጥርሷን አውልቃ ፉጨት ተምራለች፤ ጆሯችንን በላችው። ጣራ ባይኖረንም ሦስታችንም በሕይወት አለን።

ደብዳቤሽና ሸሚዙ ደርሰውኛል። «በአውሎ ነፋሱ ቀን አባቴን እንደ ልጅ ሆነህ ስለጠበቅህልኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ኒዲያ ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ። ሸሚዙ ልኬ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ አልለበስኩትም። አበልጄ፣ ነገሩ አንቺ እንደሰማሽው አይደለም።

አባትሽ ጓሮ ያለውን የአውሎ ነፋስ መሸሸጊያ ጎጆ ታውቂዋለሽ፤ ልጆች ሆነን ስንቴ ተደብቀንበታል። ግድግዳ የለው፣ ጣራው ከመሬት ይነሳል፣ የሚገባው በእምብርክክ ነው። እኔ ቤቴን አዲስ ቆርቆሮ ካለበስኩ ወዲህ «የዶሮ ቤት» እያልኩ አሾፍበት ነበር። አባትሽም «ዶሮ ሞኝ አይደለችም» ይለኝ ነበር።

ባለፈው የትምባሆ ለቀማ፣ እሱ ሳል ጥሎት አልጋ ላይ ሳለ፣ ቅጠል የምሰቅልበት እንጨት አጠረኝ። ከጎጆው ኋላ በኩል፣ ከውጭ እንዳይታወቅ የዘንባባውን ክዳን ሳልነካ፣ አራት እንጨት ፈትቼ ወሰድኩ። ስንት ዓመት አውሎ ነፋስ አላየንም፤ ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ። ነገ ስል ስምንት ወር ሞላው።

አውሎ ነፋሱ መጣ ሲባል ሰው የሚያሸሸው መኪና ደጄ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ «ውጣ እንጂ ሰውዬ!» ቢለኝ «ጣራዬ አዲስ ነው፤ አንተ ጣራቸው የሚያፈስባቸውን ሰብስብ» ብዬ ሸኘሁት። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያ ጣራ ተገንጥሎ ሄደ። ማይሌንን ደረቴ ላይ አስሬ፣ ኒዲያ ቀበቶዬን ይዛ፣ በጭቃው እየዳህን ከአባትሽ ጎጆ ገባን።

ውስጥ አባትሽና ጎረቤታችን ኦፌሊያ ከነአሳማዋ ነበሩ። አባትሽ በኋላ በኩል ጀርባውን ለዘንባባው ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ጫፉን ከምሰሶው ጋር ቋጥሮታል። ኦፌሊያን መቼም ታውቂያታለሽ። «እሰይ! ባለ ቆርቆሮው ጌታ ዶሮ ቤት ገቡልን! በል አሳማዬን ይቅርታ ጠይቀህ አጠገቧ ተቀመጥ» አለችኝ። አባትሽ ግን «በርዷችኋል፤ ጠጋ በሉ» ብቻ ነው ያለው።

ብዙም ሳይቆይ ነፋሱ የኋላውን ክዳን ያነሳው ጀመር። ኦፌሊያ ቀና ብላ አይታ «ዶን ሰራፊን፣ ምነው እዚህ ጋ እንጨት የለም?» ብላ ጮኸች። አባትሽ «አይጥ በልቶት ነው» አላት። ማይሌን የተንጠለጠሉትን ማሰሪያዎች አየች አየችና «አያቴ፣ አይጥ ቋጠሮ ይፈታል እንዴ?» አለችው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቁ። «ይቺ ልጅ ዳኛ ነው የምትሆነው!» አለች ኦፌሊያ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እዚያው «አይጡ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ልጄ ፊት አቃተኝ። ሄጄ ከአባትሽ ጎን ጀርባዬን ለክዳኑ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነፋሱ ሁለታችንን ሲያነሳ ሲጥል ዋለ። እሱ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንዴም አልጮኸም።

ሲያባራ ተሸክሜ አወጣሁት። ለአንቺ የነገረሽ ይቺን ብቻ ነው። ሁለት የጎን አጥንቱ መሰንጠቁን አልነገረሽም። ለሐኪሟም «ጭቃ አዳልጦኝ ነው» ብሏታል።

ባለፈው እሑድ አባትሽ ወደ ፈረሰው የትምባሆ ማድረቂያዬ መጣ። ከእንጨቱ ክምር ውስጥ አራቱን በከዘራው አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና «እነዚህ ይሆናሉ፤ መልሰህ እሰርልኝ» አለኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ስጀምር «ቋጠሮውን አጥብቀው» ብሎኝ ሄደ። አበልጄ፣ ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

እንጨቶቹን ሳስር ኦፌሊያ መጥታ ስታወራኝ ቆየች። የዚያን ቀን አሳማዋን መሃል ልታስተኛ ስትል አባትሽ ከልክሏት ኖሯል። «እዚያ ሦስት ሰው ይቀመጥበታል» አለኝ አለች። ያኔ ጣራዬ ገና ከቤቴ ላይ ነበር። ገመዱን ወገቡ ላይ መቼ እንዳሰረው ጠየቅኳት። «ነፋሱ ሳይነሳ ነዋ፤ ገና እንደገባን» አለችኝ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ነይና አባትሽን እዪው፣ ሲስል ጎኑን ይይዛል። ሸሚዙን መልስ ካልሽኝ እመልሰዋለሁ።

ቤትሽ አይፍረስ፣ ጉልበትሽ ይበርታ፤ የክፉ ቀን መጠጊያ አትጪ።

የማይሌን አባት፣
አበልጅ ያልሽኝ