ቋጠሮው ያንተ ነው

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ትንፋሽህስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትህና ከአለቃችን በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ሳሏ ባሰባት እንጂ አለች። ከሞተ ሰው ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ምን የሚሉት እብደት ነው እንዳትለኝ። አልሞትክም። አውቄብሃለሁ።

የምጽፍልህ ማጣሪያ ማጠቢያው ውስጥ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ በሳሙና መጠቅለያ ላይ ነው። ቆሜ ነው የምጽፈው፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ሁለት መስመር እጽፍና በሩ ድረስ ሄጄ አዳምጣለሁ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ ታገሰኝ፤ ድሮስ መቼ አማረ።

ከሄድክ በኋላ ትምህርቴን አስቁመው እዚህ አስገቡኝ። ከተማውን ከውጭው መርዝ ይጠብቃሉ የሚባሉት የአየር ማጣሪያ ጨርቆች ከግንቡ ወርደው ይመጣሉ፤ እማዬ ተቀምጣ ማሰሪያቸውን ትቆርጣለች፣ እኔ ተቀብዬ ገንዳ ውስጥ እነክራቸዋለሁ። ደንቡ አንድ ነው፦ ደረቅ ማጣሪያ አይገለጥም። ቀይ ክር የተሰፋበት ፊት ወደ ውጭ ይሰቀላል፣ ሌላው ፊት ወደ እኛ። በውጭ በኩል የሚያስራቸው ማሽን ነው ይሉናል፤ እዚያ ሰው ወጥቶ በሕይወት አይውልም ይሉናል።

ከትናንት በስቲያ እማዬን ሳሉ ጣላትና ቤት ዋለች። በእሷ ቦታ አስቀመጡኝ። እንደ አጋጣሚ በዚያው ቀን ውሃ ጠፋ። ማጣሪያው ተቆለለ። አለቃችን፣ ሌላ ቃል ስለማያውቅ «ዝም በሉ» ብለን የሰየምነው ሰውዬ፣ ቧንቧውን ሊያሠራ ሮጠ። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ መቼ ፈጠረብኝ፣ አንዱን ገለጥኩት። ቀይ ክር ያለበት ፊት ንጹሕ ነው፤ ትንሽ ቢጫ ብናኝ አለበት፣ በቃ። ወደ እኛ የሚዞረው ፊት ግን ጥላሸት ብቻ። ሌላም ገለጥኩ። ያው ነው።

እኔ ቂሏ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ዝም በሉ ሲመለስ፣ ጌታዬ እነዚህ ሁሉ ተገልብጠው ነው የተሰቀሉት ብዬ ነገርኩት። ሥራ ማገዜ ነው! ፊቱ አመድ መሰለ። ለማን ተናገርሽ አለኝ። ለማንም አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነሽ አለኝ። ሰውዬው ሰው አመስግኖ አያውቅም፣ ያኔ ነው መሳሳቴ የገባኝ። ትናንት ትእዛዝ መጣልኝ፤ ከነገ ወዲያ ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ። አንተም ማራገቢያ ስትጠግን ስለ አየሩ አንድ ጥያቄ ጠየቅክና ተዛውሯል አሉን። ቆየት ብለው ደግሞ መርዙ ገደለው ብለው ኮትህን ለእማዬ አመጡላት።

አሁን ዋናው ነገር። ከማሰሪያዎቹ አንዱ አልቆረጥ ብሎኝ ቀረብ አድርጌ አየሁት። ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ከስር የተቀበረ። ጋሼ፣ ልጅ ሳለሁ ጫማዬን የምታስርበት ቋጠሮ ነው! እማዬ፣ ይህን በቢላ እንጂ በእጅ የሚፈታው አልተወለደም እያለች የምትቆጣህ። ማሽን እንዲህ አያስርም። በመሃሉ ደግሞ አረንጓዴ ሳር ተቆንጥጦ ነበር። ሳር የሚያበቅል አየር ሰው ይገድላል? እየሳቅኩ አለቀስኩ፣ ሰው እንዳያየኝም ማጣሪያው ላይ ተደፋሁ።

እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ አፏን ልይዝ ተጠግቼ ነበር። እሷ ግን ያንን ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ትክ ብላ አየችኝና፣ ጫፉ ከስር ነው ወይስ ከላይ? አለችኝ። ከስር ስላት ትራሷን አነሳችው። ቋጠሮ በቋጠሮ! ስንቱን ሰብስባዋለች። ተናደድኩባት፤ አጠገቧ ሆኜ ስንት ቀን ተንሰቅስቄያለሁ። እሷ ግን፣ ሆድሽ ምስጢር አይቋጥርም፤ አንዱን ወስደውብኝ ሁለተኛዋን በገዛ አፌ ልስጣቸው? አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይኸው ለዝም በሉ የተናገርኩትስ እኔው አይደለሁም?

ሐኪሙ፣ በዚህ አየር ሳንባዋ ብዙ አይቆይም ብሏል። ስለዚህ እንወጣለን። እማዬ ዛሬ ሥራ ገብታለች፤ ይህን ደብዳቤ ታጥቦ ወደ አንተ በሚመለስ ማጣሪያ ውስጥ ሰፍታ ከሰዓት ትልክልሃለች። ነገ የፈረቃ ደወል ሲደወል ከማድረቂያው ክፍል ትልቁ ማራገቢያ ውጭ ጠብቀን። ከውስጥ በኩል ያለው እጀታ ወደ ታች እስከተያዘ ድረስ ማራገቢያው ይቆማል፣ በክንፎቹ መሃል ሰው ያልፋል። እጀታው ሲለቀቅ ወዲያው መሽከርከር ይጀምራል። ራስህ ጠግነኸዋል፣ ጠባዩን አንተ ታውቀዋለህ።

እማዬ ሁሉን አስባበታለች። እኔ እጀታውን እይዛለሁ፣ አንቺ ቅደሚ፣ እከተልሻለሁ ትላለች። እንዴት አድርገሽ ስላት፣ እናት መንገድ አታጣም ብላ ወሬ ቀየረች። ዛሬ ጠዋት ሻንጣ ስታዘጋጅ አየኋት። አንድ ሻንጣ ነው። ያንቺን ልብስ የት ከተትሽው ስላት፣ ካንቺው ጋር አለችኝ። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከፈትኩት። የእኔ ልብስ አለ። ያንተ ኮት አለ፤ አጥባ፣ የወለቀውን ቁልፍ ተክላለታለች። ሌላ ምንም የለበትም።

እኔም የራሴን አስቤያለሁ፣ እሷ አታውቅም። ወረቀቱን አጥፌ እሰጣታለሁ፤ የሰው ደብዳቤ አይነበብም ብላ ያሳደገችን እሷው ናትና አታነበውም። ጋሼ፣ ቀድሜ አልወጣም። መጀመሪያ አንተ ትገባለህ። የማጣሪያ ጨርቅ ጎንጉኜ ሞክሬው ነበር፣ ተበጠሰ። ጠንካራ ገመድ ይዘህ ና። እጀታውን አንተ ታስረዋለህ፣ እጇን እኔ አላቅቃለሁ። በቋጠሮህ እሰረው፣ ጫፉን ከስር ቅበረው። እንደ ልማዷ ትቆጣህ።

አንተን በሳር መሃል ያቆየ አምላክ እሷንም የነገን ትንፋሽ አይንሳት። እግርህን ከእንቅፋት፣ እጅህን ከመንቀጥቀጥ ይጠብቅልኝ።

ጫማዋን እስካሁን በደንብ ማሰር ያልቻለችው እህትህ

ገመዱን እንዳትረሳ።