በጭብጨባ የጸደቀው ማሊያ

ቀን፦ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለንደን

ለወ/ሮ አስካለማርያም
የጎህ እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አርችዌይ

ጉዳዩ፦ በክለባችን አዲስ ማሊያ ደረት ላይ የውርርድ ድርጅት ስም እንዳይወጣ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ባለፈው ማክሰኞ ከአርችዌይ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ተጫዋቻችን ለጓደኛው «ጋሽ ኪዳኔን ምን አስጨነቀው? ደረት ላይ የተጻፈውን ማን ያነበዋል?» ሲለው ሰማሁ። ከኋላው መቀመጤን አላየም። ስሙን አልጠቅስም፤ ግራ ክንፍ ነው የሚጫወተው፣ ሜዳ ውስጥም ከኋላው ማን እንዳለ አይቶ አያውቅም።

አባባሉን እንዳለ ተቀብዬዋለሁ። ደረት ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ከሌለ፣ ድርጅቱ ማንም ለማያነበው ጽሑፍ ሊከፍለን ነው ማለት ነው። ክለባችን በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜው ከዳኛ በቀር ያታለለው ሰው የለም። ስለዚህ ለድርጅቱ እውነቱ ተነግሮት ገንዘቡን በጊዜ እንዲያድን ቢደረግ ለስማችን መልካም ይመስለኛል። ኮሚቴው ግን «የለም፣ ይነበባል» የሚል ከሆነ፣ እንግዲያው የሚነበበው ነገር ምን እንደሆነ እንድንነጋገር ከዚህ የሚከተለውን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ኪዳነማርያም እባላለሁ። ነዋሪነቴ ኤድመንተን፣ ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ነው። እርስዎ በሚገባ ያውቁኛል፤ ቢሆንም ወረቀቱ ሌላ እጅ ሊገባ ይችላል። ክለቡን ከመሠረቱት አንዱ ነኝ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ተከላካይ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ የትጥቅ ኃላፊ ነኝ። ማሊያው የሚታጠበው በእኔ ቤት፣ በእኔ ማሽን፣ በሁለት ዙር ነው።

2. ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ደረታችን ላይ የነበረው «ሶፊያ ቅመማ ቅመም» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ነው፤ ከሥሩም የሱቁ ስልክ ቁጥር። ወ/ሮ ሶፊያ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ ካለችው ሱቃቸው በየዓመቱ የማሊያውን ዋጋ ይችሉልናል፣ ለዕረፍት ሰዓት ብርቱካን ይልካሉ፣ ስንሸነፍም «ሌላ ጊዜ» ይላሉ። ጽሑፉ ይነበባል ወይ ለሚለው፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተጋጣሚያችን በረኛ እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ ፊደሉ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ፣ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ዛሬ የሽሮ ደንበኛ ነው። ሦስት ጎል አግብተንበት ነበር፤ ቂም አልያዘም።

3. ሐምሌ 20 በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስተኛው አጀንዳ የስፖንሰር ለውጥ ነበር። አቅራቢው የሕዝብ ግንኙነታችን ቤንጃሚን ነው። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ከእኛ ጋር ሲያወራ ከ«እሺ ጋሼ» በላይ አማርኛ የማይወጣው ልጅ ነበር። በዚያ ቀን ተነሥቶ «የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች» አለ። ከዚያ አራት ደቂቃ ሙሉ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳያስገባ፣ ወረቀቱንም ሳያይ ተናገረ። አቶ ዐብዱ ከአጠገቤ ክርኔን ይዘው «ስማ! ስማ! ‹የሁለትዮሽ ስምምነት› አለ እኮ!» አሉኝ። እናቱ አለቀሰች። ሲጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ያውም ቆሜ።

4. ቤንጃሚን በጻፈው ቃለ ጉባኤ «ሦስተኛው አጀንዳ በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ ጸድቋል» የሚል ሰፍሯል።

ክለባችን ከተመሠረተ ጀምሮ እጅ ቆጥሮ አያውቅም። እጅ ሲወጣ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ክርስትናና ሠርግ መጠራራት ያስቸግራል። በጭብጨባ የምንወስነው ለዚህ ነው፤ ልማዱም እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም አልጎዳም። ያን ዕለት ግን ያጨበጨብነው ለልጁ አማርኛ ነው። የተናገረውን የሰማ ሰው አልነበረም፤ አነጋገሩን ነበር የምንሰማው። ከጉባኤው በኋላ አምስት ሰው ጠይቄ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚሸጥ የነገረኝ አንድም አላገኘሁም። አንደኛው «ኢንሹራንስ መሰለኝ» አለኝ።

ቤንጃሚንን አልወቅሰውም። በር ላይ ይዞኝ «ጋሼ፣ ጭብጨባው ‹የስ› ማለት ነው አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ «በጣም ጎበዝ ነህ፣ አኮራኸን» አልኩት። ሌላ ምን ብሎ ይጽፍ?

ምናልባት የትልልቆቹን ክለቦች ምሳሌ ይጠቅሱልኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ደረት የአየር መንገድ፣ የቢራ፣ የባንክ መለጠፊያ ከሆነ ቆይቷል፤ አንድ ቡድን በየዓመቱ ሦስት ዓይነት ማሊያ አውጥቶ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ብቻ ሲለብሰው ማንም አይስቅም። ነገር ግን የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ራሳቸው የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከሚመጣው የውድድር ዘመን ጀምሮ ከደረታቸው ሊያወርዱ ተስማምተዋል። ወደ እጅጌ ያዛውሩታል ነው የሚባለው፤ ከልብ ትንሽ ራቅ ማለቱም አንድ ነገር ነው። እነሱ ሲያወርዱት እኛ አንሥተን ልንለብሰው ነው። ያገለገለ ልብስ መልበስ ነውር የለውም፤ ይህን ግን ስንት ሰው እንደለበሰው ማጣራት ነበረብን።

የእኅቴ ልጅ ማኑሄ የሚኒሶታ ልጅ ነው። እግር ኳስን «ሶከር» ይላል፤ በዚህ ይቅር ብዬዋለሁ። አርባ አንድ ማሊያ በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። በሰኔ መጥቶ የእኛን ሲያይ «አጎቴ፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል» ብሎ አንድ ወሰደ። እሱ እንደሚለው ክለብ ማለት ሰፈር ነው፤ ስፖንሰሩም ሰፈሩ ሊበላው የሚችል ነገር መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ስታዲየሙም፣ የማዕዘን ምቱም፣ የተጨማሪው ደቂቃ ሰሌዳም ስፖንሰር እንዳለው ነገረኝ። ጉዳዩን በስልክ ስነግረው «እንዳትለቃቸው!» አለኝ። እኔም አልለቅም።

የሚከተለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ በስብሰባ ላይ «አንቀጽ አምስት» ተብሎ እንዲጠቀስ ስለማልፈልግ።

ኤድመንተን፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለ አንድ የውርርድ ሱቅ ፎቶግራፌን ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጧል። የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ። በዚህ አገር ሰው በራሱ ላይ እገዳ መጠየቅ ይችላል፦ ፎርም ይሞላል፣ ፎቶ ይሰጣል፣ ከዚያ ብቅ ሲል «ይቅርታ ጌታዬ» ብለው ይመልሱታል። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ አፕላይ አድርጌ በዚያው ቀን የተፈቀደልኝ ብቸኛ ነገር ይኸው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን አልዘረዝርም። ባለቤቴ ፍቅርተማርያም ሼፈርድስ ቡሽ እኅቷ ዘንድ ሄዳ አንድ ዓመት ከአራት ወር ተቀምጣለች። ባለፈው ጥር ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በር ላይ ቆማ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የመጣሁት እሁድ እሁድ የት እንደምትውል ስለማውቅ ነው።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የምውለው ሜዳ ዳር፣ ከትጥቅ ሻንጣው አጠገብ ነው። ኮሚቴው አሁን የሚጠይቀኝ የዚያን ዓይነት ድርጅት ስም በየሳምንቱ አሥራ ስምንት ጊዜ አጥቤ፣ አሥራ ስምንት ጊዜ ተኩሼ፣ እሷ በምትቀመጥበት ሳሎን እንድሰቅለው ነው። ድርጅቱን በስሙ ያልጠራሁት ፈርቼ አይደለም፤ በነፃ ስለማላስተዋውቅ ነው። ደግሞም ይታወቅልኝ፦ የጭቃ፣ የሣርና የደም እድፍ አስለቅቃለሁ። ይህን ማስለቀቅ አልችልበትም፤ አልሞክረውምም። ይህ ማሊያ በእኔ እጅ ለሜዳ አይቀርብም። ኮሚቴው ከኃላፊነቴ ሊያነሣኝ ቢፈልግ ሥልጣኑ አለው፤ እንዲያ ከሆነ ግን ጭብጨባ አልቀበልም፣ እጅ ይቆጠር።

ገንዘቡ ያስፈልጋል የሚለውን አልክድም። የጎሉ መረብ ተቀዷል፣ ኳስ ገብታ አልገባችም እያልን የምንከራከረው በዚሁ ነው፤ እርግጥ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ጠቅሞናል። የመረቡን ዋጋ የሚችል ሌላ ሰው እንፈልግ፤ እኔም አብሬ እዞራለሁ። ፀጉር ቤት፣ መንጃ ፈቃድ አስተማሪ፣ የቀብር አስፈጻሚ ቢሆን እንኳ በደስታ አጥባለሁ።

ስለዚህ የተከበረው ኮሚቴ፦

ሀ) የሐምሌ 20ው ጭብጨባ ለቤንጃሚን አማርኛ የተሰጠ መሆኑ በቃለ ጉባኤው ታርሞ እንዲሰፍር፤ ልጁም በዚህ እንዲመሰገን፣

ለ) ሦስተኛው አጀንዳ በድጋሚ ቀርቦ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚሸጥ ተነግሮ፣ በእጅ ቆጠራ እንዲወሰን፤ ክርስትናና ሠርጉ እንደሚሆን ይሁን፣

ሐ) እስከዚያ ድረስ፣ ከነገ ወዲያ እሁድ የሚጀመረውን ውድድር ጨምሮ፣ ቡድናችን በነባሩ ማሊያ እንዲጫወት

ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ። ይህ የማይፈጸም ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። በቃል «ጋሽ ኪዳኔ፣ ተወው በቃ» መባሉን እንደ መልስ አልቆጥረውም፤ እስካሁን ሰባት ጊዜ ተብያለሁ።

ከሰላምታና ካልተለወጠ አቋም ጋር፣

ኪዳነማርያም (ፊርማ)
የጎህ እግር ኳስ ክለብ የትጥቅ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ሶፊያ፣ ሼፈርድስ ቡሽ
ለቤንጃሚን፣ የሕዝብ ግንኙነት

ማሳሰቢያ፦ አሥራ ስምንቱ አዲስ ማሊያዎች ትናንት ሐሙስ ቤቴ ደርሰዋል። ያም ሆኖ አጥቤያቸዋለሁ፤ እስከ እሁድ ይደርቃሉ።