መሪጌታ ማሽኑ ውስጥ ሲጸልዩ

መቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለሳያት፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሽ ይሆን? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ያልደወልኩልሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው፤ ይህን እንዲሰማብኝ አልፈልግም።

ጉድ በይ ልጄ! አባትሽ ምንም የለበትም። 

ክረምት ላይ ጅማ ኤም አር አይ ሲነሳ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አንጎሉን በየክፍሉ ከልሎ ለክቶ «የማስታወሻው ክፍል ኮስሷል» ማለቱን ታውቂያለሽ። አንቺም አልቅሰሽ «ከእንግዲህ እንዳያስተምር» አልሽ። ጎሬ ወጥቼ ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ተናገርኩ፤ የዜማ ተማሪዎቹን ለሌላ ሰጡበት። ከዚያ ወዲህ ሥራው በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ሆነ።

በቀደም አዲስ የመጣው ሐኪም፣ የቡሬዋ የተጂቱ ልጅ ዮሚፍ፣ የኮምፒውተሩን ቁጥር ትቶ ምስሉን በዓይኑ አየና ፊቱን ቋጠረ።

«መሪጌታ፣ ማሽኑ ውስጥ ምን ያደርጉ ነበር?»

«የእመቤቴን ጸሎት ነዋ የምደግመው!»

«ራስዎን አንቀሳቅሰዋል?»

«ታዲያ ስሟ ሲጠራ እጅ ሳልነሳ ልለፍ?»

የሰው ያለህ! ለካ ስሟን በጠራ ቁጥር እንደ ልማዱ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ምስሉ ደብዝዟል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ብዥታውን የአንጎሉ ጠርዝ አድርጎት ወሰኑን ወደ ውስጥ ገፍቶ አሰመረው። ዮሚፍ «ይህ ልኬት አይታመንም» ብሎ እንደገና ጅማ ላከን። አባትሽ ድንጋይ ሆኖ ተኛ፤ ሐኪሞቹም የአንጎሉን ምስል በእጃቸው ከልለው ለኩት። ጤነኛ!

ውጤቱን ይዘን ስንመለስ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዮሚፍ ግን «መጀመሪያስ ለምን አስመረመሯቸው?» አለኝ።

«ሲዘነጋ ነዋ! ቁልፍ ይጠፋል፤ ወጡ ውስጥ ጨው ሁለቴ ይገባል፤ ቡታጋዙ ሳይጠፋ ያድራል። ራሱም ‹እኔ ነኝ የረሳሁት› ይላል።»

ዮሚፍ ውጤቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «እትዬ ወለተ ማርያም፣ መሪጌታ ወጥ ይሠራሉ እንዴ?»

ሳያትዬ፣ አባትሽ በዕድሜው ጓዳ ገብቶ ያውቃል? ክው አልኩ። ዞር ስል አንገቱን ደፍቷል። የእኔን መርሳት ሁሉ በራሱ እያላከከ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብሎ ተማሪዎቹን እስኪነጠቅ ዝም አለ! ቤት ስንደርስ ስጮህበት «ምን አለበት፣ እኔ እችለዋለሁ» አለኝ። በጣም ተናደድኩበት፤ በጣምም አለቀስኩ።

ጎሬ ተመልሶ ማስተማር ሊጀምር ነው፤ እኔ ራሴ ሄጄ አስመለስኩለት። የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሽ ይሆን? ጠይቄሽ ነበር መሰለኝ።

የወለድሽው ይባረክ፣ የነካሽው ይለምልም፤ እመቤቴ ከክፉ ትሰውርሽ። ለገና ስትመጪ እኔን ጅማ ውሰጂኝ። አባትሽ ጸሎቱን ውጭ ቆሞ ይድገምልኝ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ አልነቃነቅም።

እናትሽ ወለተ ማርያም