ቻይ አልባልም

የካቲት 4
የጭነት መኪናዬን አሳጥቤ ለአለቃዬ አስረከብኩ። የፊት ጎማው ተበልቷል አልኩት። «እንግዲህ የሚነዳው ሰው ያስብበት» አለኝ። የሚነዳው ሰው... እኔ አይደለሁም ማለት ነው? ካሁኑ ቀበሩኝ እንዴ?

የካቲት 6
ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። የጨጓራ ካንሰር መሆኑን ካወቅን ሰንብተናል። ዛሬ የቀዶ ጥገናው ቀን ይቆረጣል ብለን ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ታጨሻለሽ?»
ወንድሜ ቀድሞኝ «ኧረ ዶክተር! እሷን?»
«አዎ፣ አጨሳለሁ» አልኩ። ካንሰሩን ሲሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጠም።
ሐኪሙ ፊቱ አልተለወጠም። «መቅደዱን ለእኔ ተዪው። የሚያሰጋኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳንባሽ ሊቆጣ፣ የሰፋሁት ሊለቅ ይችላል። አንድ ወር ስጪኝ። ሲጋራ የለም። መራመድ፣ ትንፋሽ መለማመድ፣ በደንብ መብላት።»
ደጅ ስንወጣ ወንድሜ ጦፈ። «ካንሰር ሆድሽ ውስጥ ተጎልቶ አንቺ ሽርሽር? ነገውኑ የሚቀድ ሐኪም አገኝልሻለሁ!»
«አልፈልግም። ይሄኛው የሚፈራውን ነገረኝ። ያ የማይፈራው መጥቶ አንተን ይቅደድህ።»

የካቲት 11
ሲጋራ የለም። ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው።

የካቲት 23
ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ቆሜ ተሳደብኩ። ማንን? እንጃ... ሆዴን መሰለኝ። እንቁላል ከመብላቴ ብዛት ላሽካካ ምንም አልቀረኝም።

መጋቢት 8
ነገ ነው። ሐኪሙ አልጋዬ ድረስ መጣ። «ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ አዲስ ሕመም... ከመጣ አትቻይው። ተናገሪ።»
ይሄን ለእኔ! ከልጅነቴ «ቻይ ናት» እየተባልኩ ላደግሁት። እናታችንም ቻይ ነበረች። ችላ ችላ... ሞተች። እኔ ቻይ አልባልም።

መጋቢት 10
ጨጓራዬን አብዛኛውን አወጡት። ዛሬ ነርሷ «ተነሺ፣ እንራመድ» አለች። ወንድሜ «ትናንት የተቀደደች ሴት!» ብሎ መንገድ ዘጋ።
«ዞር በል።»
እስከ መስኮቱ። ዓለም ዞረብኝ... ደረስኩ ግን።

መጋቢት 13
ሳልረሳው ልጻፈው። ጠዋት ትኩሳት ተነሣብኝ። ግራ ትከሻዬን ወጋኝ... ሆዴ ተቀዶ ትከሻ? ተረኛው ሐኪም «አተኛኘትሽ ይሆናል፣ ማስታገሻ እንስጥሽ» አለ። ወንድሜ ደግሞ «ቻል አድርጊው እንጂ እህቴ፣ ሰው ይሰማል።»
«ይስማ!» ጮህኩ። «የቀደደኝን ሐኪም ጥሩልኝ! እሱ እስኪመጣ ዝም አልልም!» በሽተኛው ሁሉ ከየክፍሉ አንገቱን አወጣ።
መጣ። ሆዴን ዳሰሰ። ወዲያው ወደ ምርመራ ወሰዱኝ።

መጋቢት 15
ስፌቱ በትንሹ ለቆ ነበር፤ እስከ ትከሻዬ የወጋኝ ሆዴ ውስጥ የቋጠረው መግል ነው። በቀጭን ቱቦ መግሉን እያወጡት ነው። ሐኪሙ «ሁሉንም ተጠንቅቀን እንኳ አንዳንዴ ይለቃል» አለ። «በጊዜ ተናገርሽ፣ በጊዜ ያዝነው። በዚያ በሲጋራው ጊዜ ሳንባሽና አቅምሽ ቢሆን ግን መቋቋምሽን እንጃ።»
ወንድሜ ጥግ ላይ ነበር። ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

ሚያዝያ 20
ቤቴ ነኝ። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እበላለሁ። ወንድሜ መጣ። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራ... ከዚያ አቀርቅሮ «እኔም... ስሸና ደም አያለሁ» አለ።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ኧረ ቆየ። አንቺ ሳትታመሚ።»
«ለማን ነገርክ?»
«ለማንም። ይተወኛል ብዬ...»
የቤት መኪናዬን ቁልፍ አነሣሁ።
«ሰኞ እንሄዳለን» አለኝ።
«ሰኞ የለም። ተነሥ።»
ከታመምኩ ወዲህ መሪ ስጨብጥ የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ቀበቶውን አሰረ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ «አብረሽኝ ትገቢያለሽ አይደል?» አለኝ።
«እገባለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ።»
ተናገረ።