ኖራ የበላው መደብ

ጥር 4

ሰባ አራት ሞላኝ። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ያለ መስታወት። ልብሴን አጥባለሁ። መሰላል ላይ ወጥቼ የጣራ ቀዳዳ እደፍናለሁ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ብቻ እምቢ ብሎኛል፤ እሱም የመርፌው ጥፋት ነው።

ለማንም አይደለም የምጽፈው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሚስቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። ካልጻፍክበት ይጠፋብሃል ትለኝ ነበር። እንዳይጠፋብኝ ነው።

ዛሬ ምንም የለም። ከጓሮ ሽንኩርት ነቀልኩ። ቀጫጭን። በሷ ጊዜ ጡጫ ያህል ነበር…

ጥር 9

ትልቁ ልጄ መጣ። በሥራ ቀን! ምን ሆነ ብዬ ደነገጥኩ።

ጓሮው ላይ አንድ ክፍል ልሥራልህ አለኝ። መታጠቢያው ውስጡ የሆነ፣ ደረጃ የሌለው።

«ደረጃው ምን አደረገኝ?»

«ዛሬማ ምንም። ነገስ አባዬ?»

ጓሮው የእናትህ ነው አልኩት። እናቴ ብትኖር አንተ ደረጃ ላይ ስትንሸራተት ማየት ትፈልግ ነበር ወይ አለኝ። 

ደግሞ ያ አፈር ቤት አይሸከምም። ጥቁር ዋልካ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ነገርኩት።

«እሱን ብዬ ነዋ አንተ ጋ የመጣሁት። ይህን አፈር ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል?»

እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ጥር 11

እሺ አልኩት።

ዕድሜ ልኬን መንገድ ሥራ ላይ በሮለር መሬት ሳጠነክር ኖርኩ። ሚስቴ ደግሞ እዚህ ጓሮ ውስጥ መሬት ስታለሰልስ። ስገባ «ዛሬ ስንት መሬት ገደልክ?» ትለኝ ነበር። ያ ሳቋ…

ዋልካ ቤት እንዲሸከም ኖራ መግባት አለበት። ኖራ የገባበት አፈር ላይ ደግሞ ምንም አይበቅልም። አውቃለሁ። አውቄ ነው እሺ ያልኩት። የሠራችበት ቦታ ላይ እተኛለሁ ብዬ። መጥፎ ሐሳብ ነው? አይመስለኝም።

ጥር 16

ጭሱ ከነሮለሩ መጣ። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እሱም ሮለሩም ስለሚያጨሱ ነው ጭሱ ያልነው። አሁን ትንንሽ ማሽን ያከራያል።

«አንተ ሰውዬ፣ አልሞትክም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብር?»

ሽንኩርቱን ነቅለን ጨረስን። አፈሩን ቆፈርን፣ ጓሉን ሰበርን። ኖራውን ራሴ በተንኩት፤ ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም። አፌን በጨርቅ አስሬ፣ ነፋስ በጀርባዬ አድርጌ። ውሃ አጠጣን፣ አገላበጥን፣ በላስቲክ ሸፈንን። ይተኛ። ዋልካ ከኖራ ጋር ተኝቶ ካልተነሳ ለሮለር አይሆንም። የቸኮለ ሰው ጭቃ ሲዳምጥ ይውላል።

ምሳ ላይ ጭሱ ሳይበላ ተነሳ። ምግብ ሲተው አይቼው አላውቅም። ጥርሱን አሞት ይሆናል።

ጥር 18

ላስቲኩን ገለጥኩ። ደስ ሲል! ያ የሚጣበቅ ጭቃ እንደ ፍርፋሪ ሆኗል። ጨብጬ ጨመቅኩት። እጄ ላይ አልቀረም። በአውራ ጣቴ ገፋሁት፣ ሁለት ቦታ ሰበር አለ። ልክ ነው።

ሮለሩን ያዝኩ። ጭሱ ልንዳልህ ቢለኝ ዞር በል አልኩት። ከዳር ወደ መሃል፣ ቀስ እያልኩ። መጀመሪያ መሬቱ ከሥር ይዋዥቃል፣ እንደ ፍራሽ። ከዚያ ጠንክሮ ሮለሩን ይነክሳል። ሲነክስ በእጅህ ትሰማዋለህ።

እጄ አልረሳም። እጄ!

ጥር 21

ልጄ በተዳመጠው ላይ ሁለተኛ ድርብ አፈር ከነኖራው ይጨመር አለ። ጨመርን። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ። አጥሩም በመንገዱ በኩል በሰፊው ተከፈተ፤ ለአሸዋና ለድንጋይ ማስገቢያ ነው ይላል።

«ከዝሆን ጋር ነው እንዴ የማድረው?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጭሱ ብቻ ሞተሩን ይነካካል።

ሴቷ ልጄ ካለችበት ከተማ ደወለች። «አባዬ፣ ለአንድ ክፍል ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አለች። ወንድምሽ ያስብልኛል፣ አንቺ ከስልክ ሌላ ምን አለሽ አልኳት። መልሷን ሳልጠብቅ ዘጋሁት።

ጥር 24

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ለኔ የሰፋችውን የትራስ ልብስ ይዛ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባባ፣ እንዲህ በድንገት? እኛንስ ለማን ትተው?»

«ምን በድንገት?»

«መሄድዎ ነዋ።»

ሞቴን የምታሟርት መሰለኝ። ጮህኩባት። ወሬኛ አልኳት፣ ሌላም አልኳት። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ማዶ ጣውላ የሚሸጠው፣ ባለ ጣውላው ነው የነገረኝ። ቤቱን ከልጅዎ ተከራይቶ መጋዘን ሊያደርገው፣ ጓሮው ላይ መኪኖቹን ሊያቆም። እርስዎ ልጅዎ ቤት ሊገቡ። አላወቁም እንዴ? …ወይኔ አፌን!»

በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁ።

ሦስት ድርብ። የተከፈተ አጥር። ለካ ክፍል አይደለም። የጭነት መኪና ነው። እንዴት አላየሁም?

አይቻለሁ። እየሳቅኩ አይቻለሁ።

ጥር 25

ልጄን ጠራሁት። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

«አልልም።»

«በቃ!»

«በቃ ምን?»

«ሰው አምጥቼ ባስቆፍር መሃሉ ላይ ትተኛበት ነበር። ራስህ ከሠራኸው ግን…»

አልጨረሰውም። እኔ ጨረስኩለት። ራሴ ከሠራሁት የእናትህን መሬት የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ? ይሄ ነው አይደል ያሰብከው?

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ተቆጣ፣ እሱ! «ብቻህን ወድቀህ ብትገኝስ? ማን ያነሳሃል? እኔ እንቅልፍ የለኝም እኮ አባዬ!»

ውጣ አልኩት። ወጣ።

«ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል?» …እንደ ሕፃን በከረሜላ አታለለኝ።

ጥር 26

ጭሱ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ነበር። ሲያየኝ እንዳላየ ሆኖ ገባ።

«ታውቅ ነበር፣ ውጣ!» አልኩ ከደጅ። ወጣ።

«ልጅህ ነዋ ወንድሜ። በአባትና በልጅ መሃል ምን አገባኝ ብዬ ነው።»

«አንተን ካላገባህ ሮለርህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ስትነዳው ደስ ብሎህ ነበር። ያን ደስታህን እንዴት ልንጠቅህ?»

ጀርባዬን ሰጠሁት። ተመለስኩ።

ጥር 28

ዶማ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ዶማው ዘለለ። ሌላ ቦታ መታሁ። ዘለለ። ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ።

ሥራዬ ጥሩ ነበር። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

የካቲት 2

ባለ ጣውላው መጣ፣ ቦታውን ሊለካ። ጥሩ ጫማ አድርጓል። መሬቱን ረገጥ ረገጥ አድርጎ «እጅዎ ይባረክ አባባ፣ አስፋልት አስመሰሉት እኮ» አለኝ። ከልቡ ነው።

«የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» አልኩት።

«እርስዎ።»

«እኔ አልሄድም። መኪናም አይገባም።»

ልጄ «አባቴ ፈቅዷል» ብሎት እንደነበር ሰውዬው ነገረኝ። ደነገጠ። «እኔም አባት አለኝ» አለና ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ።

በአጥሩ ክፍተት ቆርቆሮ መታሁበት። አንዱ ምስማር ጠመመ። ሌሎቹ ገቡ።

የካቲት 5

ልጄ አይደውልም። እኔም አልደውልም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዕዳ አለብኝ። ማንም እንዳይከፍልልኝ፤ ራሴ ነኝ የምከፍለው።

ለልብስ ሰፊዋ ይቅርታ። ደጇ ድረስ ሄጄ፣ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ። የትራስ ልብሱንም እወስዳለሁ፣ ደግማ ከሰጠችኝ።

ለሴት ልጄ ስልክ። ልክ ነበርሽ እላታለሁ። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደሚወጣ እንጃ።

ለጭሱ… ድሮ ዳገት ላይ ሮለር ተገልብጦብኝ ከሥሩ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። ዕዳ ዕዳ ነው። ከታመመ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ወንበር ቢያቀርብልኝ ግን አልቀመጥም።

ለልጄ መልስ። ማን ያነሳሃል ብሎኝ ነበር፤ ተቆጥቼ አባረርኩት። ከወደቅኩ አንተ ታነሳኛለህ፣ ግን እዚሁ መጥተህ። ይህን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ዛሬ አይደለም። ዛሬ ብነግረው እመታዋለሁ።

ለሚስቴ ደግሞ መሬት። የጓሮው ሞቷል፣ አልዋሻትም። መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያለውን ሲሚንቶ አነሳለሁ። ከሥሩ ያለው አፈር ኖራ አልነካውም። ሲሚንቶውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይሆንም እያለች። በመዶሻና በመሮ፣ በቀን መዳፍ የምታህል ብትነሳም። ትንሽ ቦታ ናት። አንድ የሽንኩርት መደብ ግን ይወጣታል።